የደጅ አግዳሚንና ወንበርን ከጎንደር ፀሐይ መጠበቅ

ጎንደር ላይ ሰው ለደጅ ወንበሩ የሚሰጋው ክረምቱን ነው። ሰኔ ሲገባ ሸራ ያለብሰዋል፣ መስከረም ሲጠባ ይገልጠዋል፣ ከዚያ ዘጠኝ ወር ያህል ፀሐይ ላይ ይተወዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን በእነዚያ ወራት ነው። ፀሐይ ቀለሙን አድርቃ ትሰነጥቃለች፣ የእንጨቱን ፊት ታላላለች፤ የሐምሌ ዝናብ የሚገባው እሷ በከፈተችው ስንጥቅ ነው። በነሐሴ የበሰበሰ አግዳሚ ካዩ ጥፋቱን መጋቢት ላይ ይፈልጉት።

ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቀለምና እንጨት የሚያበላሸው አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። አየሩ እንደ መተማ ቆላ አያቃጥልም ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ሙቀትና ጨረር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በታኅሣሥ ጠዋት ጋቢ ተደርቦ የሚቀመጡበት አግዳሚ እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ እያቀዘቀዘውም ጨረሩን ይጠጣል።

እንጨት ላይ የሚሆነው ይህ ነው። የእንጨትን ጭረቶች (ቃጫዎች) እርስ በርስ አጣብቆ የያዛቸው ሊግኒን የሚባል ነገር ነው። ጨረሩ የሚሰብረው እሱን ነው። የተሰበረውን ዝናብ ሲያጥበው ላዩ ላይ የሚቀረው ግራጫና ጠጉራም ጭረት ብቻ ይሆናል። ደግነቱ ጨረሩ ራሱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ በላይ አይዘልቅም። ስለዚህ ግራጫ የሆነ አግዳሚ የሞተ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ጤነኛ ከሆነ በግማሽ ቀን ፍግፈጋ ይመለሳል። የሞተ መሆኑን ለማወቅ ቢላዋ ጫፍ ይበቃል። እግሩ አካባቢና መገጣጠሚያው ላይ ጫን ሲሉት ያለ ጉልበት 5 ሚሊ ሜትር ከገባ መበስበስ ነው፣ ያ ጣውላ መቀየር አለበት።

ከቀለም በፊት ጥላ

ጥላ ያገኘ አግዳሚ ላይ መካከለኛ ቀለም ለዓመታት ይቆያል፤ ቀኑን ሙሉ የተገለጠ አግዳሚ ግን ውዱንም ቀለም ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጣሳ ከመግዛት በፊት ወንበሩ የት እንደሚቀመጥ መወሰን ያዋጣል።

አስቸጋሪው ነገር ጥላው ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አለመሆኑ ነው። ጎንደር በ12.6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በትክክል አናት ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ በሚያዝያ አጋማሽ፣ አንዴ በቡሄ ሰሞን። በመካከሉ ጥቂት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ያኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደመና ነው። ወሳኙ ደረቁ ወቅት ነው፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በቀትርም ቢሆን በደቡብ በኩል ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ከፍታዋ 54 ዲግሪ ያህል ነው።

ይህን ወደ ሜትር እንቀይረው። የዳስዎ ወይም የበረንዳዎ ጣሪያ ከመሬት 2.3 ሜትር፣ የአግዳሚው መቀመጫ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖራቸው፣ በታኅሣሥ ቀትር ጥላው ከጣሪያው ሥር 1.3 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሸሽቶ ነው መቀመጫው ላይ የሚያርፈው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ 2.3 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል። ስለዚህ በጣሪያው መሐል ለመሐል የተቀመጠ ወንበር ጥላ ውስጥ ያለ ይመስላል እንጂ ከሰዓት በኋላ ግማሹ ፀሐይ ላይ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ወንበሩን ወደ ሰሜን ምሥራቁ ጥግ ማስጠጋት፣ ወይ በደቡብ ምዕራብ በኩል ሰሌን ወይም የቀርከሃ መጋረጃ እስከ 1 ሜትር ዝቅ አድርጎ መስቀል። መጋረጃው ርካሽ ነው፣ በየሁለት ዓመቱ መቀየሩም አይጎዳም፤ ከወንበሩ ይልቅ እሱ ይበላሽ።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ በጎንደር ጥላ በጣም የሚያጥረው ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ሰዓታችን የተቆረጠው ከእኛ ምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ። ቦታ ሲመርጡ በ4፣ በ6 ተኩልና በ9 ሰዓት ጥላው የሚደርስበትን በኖራ ወይም በጠጠር ምልክት ያድርጉበት። ከባዱ ጨረር በእነዚህ ሰዓታት መካከል ነው።

ዛፍ ካለ ከሁሉ ይሻላል፣ ግን ዓይነቱ ይለያል። ጃካራንዳ ያምራል፤ ነገር ግን ጥላው በጣም በሚፈለግበት በበጋው ማብቂያ ቅጠሉን አርግፎ በአበባ ብቻ ይቆማል፣ የረገፈው አበባም እርጥብ ሲሆን ወንበሩን ያበላሻል። አቮካዶ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው። ሾላና ወርካ ጥላቸው የተትረፈረፈ ነው፣ ፍሬያቸውና ፍሬውን የሚበሉት ወፎች ግን በየቀኑ ማጠብ ያስገድዳሉ። ቦታ ለጠበበው ግቢ አራት ቋሚና ሽቦ ላይ የተሳበ ቡጋንቪላ ጥሩ ነው፤ እሾሁን ከትከሻ በላይ እየከረከሙ መያዝ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ችግኝ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበትን የጥላ መረብ የሚገዙ ከሆነ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚከልለውን ይምረጡ። ጠፍጥፎ ሳይሆን ዘንበል አድርጎ መወጠር ያስፈልጋል፤ ከሰኔ በፊት ማውረድም ግዴታ ነው፣ በረዶ ተጠራቅሞበት ቋሚውን ይዞ ይወድቃል።

እንጨት

በከተማው ካሉት አግዳሚዎች አብዛኛዎቹ ባሕር ዛፍ ናቸው። ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ክፋቱ መሰንጠቁና መጠማዘዙ ነው፣ በተለይ እርጥቡን ተሰንጥቆ ወዲያው ከተሠራ። የ12 ሳንቲ ሜትር ጣውላ በክረምትና በበጋ መካከል ስፋቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሊለዋወጥ ይችላል። አናጢው ጣውላዎቹን አጠጋግቶ ከመታቸው በሐምሌ ተገፋፍተው ይነሳሉ፣ በየካቲት ምስማሩ ዙሪያ ይሰነጠቃሉ። በጣውላና በጣውላ መካከል ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ቀዳዳውን ከብሎኑ 2 ሚሊ ሜትር አስፍተው ከሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር ከሚገባው ቀለበት) ጋር ይሰሩ። የምስማር ራስ ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ለደጅ ዕቃ ብሎን ነው።

ዋንዛ ያን ያህል አይጠማዘዝም፣ ሲላግም ይታዘዛል። ጽድ ምስጥንና መበስበስን ይቋቋማል። ሁለቱም ሀገር በቀል ስለሆኑ ቆረጣቸው በሕግ የተገደበ ነው፤ ከፈረሰ ቤት የተገኘ የጽድ ጣውላ ካገኙ ግን አይለፉት። ቀርከሃ ለበረንዳ ውስጥ እንጂ ለግልጥ ደጅ አይሆንም፣ ፀሐይ በቁመቱ ትሰነጥቀዋለች፣ አንዴ ከተሰነጠቀ መጠገኛ የለውም።

መቼ ይቀባል? ብዙ ሰው ለመስቀል ቤቱን ሲያሰናዳ ወንበሩንም አብሮ ይቀባል። ያ ጊዜ ለእንጨት መጥፎ ነው። ክረምቱን የጠጣ ጣውላ በመስከረም ገና እርጥብ ነው፤ ላዩ በቀለም ሲዘጋ ውስጡ ያለው ውኃ በጥቅምት ፀሐይ ተገፍቶ ሲወጣ ቀለሙን እንደ ቆዳ ፊኛ ያነሳዋል። በመስከረም አጥበው ያስቀምጡት፣ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ይቀቡት። ለጥምቀት እንግዳ ሲመጣ ቀለሙ በደንብ ደርቆ ይጠብቃል። መድረቁን ለማየት መዳፍ የሚያህል የፌስታል ቁራጭ ጣውላው ላይ አድርገው አራቱን ጠርዝ በፕላስተር ይለጥፉና ይደር፤ ጠዋት ከፌስታሉ ሥር ጤዛ ካለ ሌላ ሳምንት ይጠብቁ።

ሥራው በቅደም ተከተል፦

1. ያጥቡ። ለብ ባለ ውኃ፣ በሳሙናና በጠንካራ ቡሩሽ፣ በጭረቱ አቅጣጫ ብቻ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አንድ ጠብታ በረኪና ይጣሉበት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከነጣ ሻጋታ ነው። 1 እጅ በረኪና በ4 እጅ ውኃ በጥብጠው ይቀቡት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ በብዙ ውኃ ያለቅልቁት። ጓንት ያስፈልጋል፤ በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ካልነጣ ቆሻሻ ወይም የብረት እድፍ ነው፤ በብሎን ዙሪያ የሚታየው ሰማያዊ ጥቁር ቀለበት በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከብረት ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ነው፣ በረኪናው በውኃ በደንብ ከታጠበ በኋላ የሎሚ ጭማቂ ያደበዝዘዋል፣ ብሎኑ ካልተቀየረ ግን ይመለሳል።

2. ያድርቁ። በጥላ፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ ቢያንስ ከ4 እስከ 7 ቀን። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማፋጠን ላዩን ብቻ አድርቆ ይሰነጥቀዋል።

3. ይፈግፍጉ። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ግራጫው ጠፍቶ የእንጨቱ የራሱ ቀለም እስኪወጣ፣ ከዚያ በ120 ቁጥር ለማስተካከል። ከዚህ በላይ ማለስለስ ለቤት ውስጥ ጠረጴዛ ነው፤ በጣም የለሰለሰ ፊት ቀለም አይዝም። የቆየ የዘይት ቀለም ላይ ከሆነ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በእርጥቡ ይፈግፍጉ፣ አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ሕፃናትን ያርቁ፣ ፍግፋጊውን ሰብስበው ይጣሉ እንጂ ጓሮ አይበትኑት።

4. ቶሎ ይቀቡ። የተፈገፈገ ጣውላ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ከዋለ ላዩ እንደገና ላልቶ አዲሱ ቀለም የሚጨብጠው ያጣል። በዓይን ስለማይታይ ብዙ ሰው ይህን አያምንም። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይጨርሱት።

ምን ይቀባ የሚለው ጥያቄ ላይ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ለደጅ መስታወት የመሰለ ቫርኒሽ አይቀቡ። ሲቀባ ከሁሉ ያምራል፣ የዋንዛውን መልክ ያወጣል፣ የሆቴል በረንዳ ሁሉ የሚወደው እሱን ነው። ነገር ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ጨረሩንም ያሳልፋል። ጨረሩ ከቫርኒሹ ሥር ያለውን እንጨት ያላላዋል፣ ቫርኒሹ የቆመበት መሠረት ይጠፋል፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ያኔ ላዩ ላይ መደረብ አይቻልም፤ ሁሉንም ፍቆ ከባዶ መጀመር ነው። መልኩ የግድ እንዲታይ ከተፈለገ ጣሳው ላይ ለውጭ መሆኑና የጨረር መከላከያ እንዳለው የተጻፈበትን ብቻ፣ ቢያንስ አራት ስስ እጅ (ዙር)፣ በየዓመቱም አንድ እጅ በመጨመር። ይህን የማይፈጽም ሰው አይጀምረው።

እንጨትን ከጨረር የሚያድነው ዱቄቱ፣ ማለትም ቀለም የሚሰጠው ነገር ነው። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው።

አንደኛው ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቀለም ነው፦ አንድ እጅ የእንጨት መነሻ፣ ሁለት እጅ ለውጭ የሚሆን ሲንተቲክ (የዘይት ቀለም)። በጣም የሚቆየው ይህ ነው። ስለ መልኩ ስንናገር፣ ደማቅ ቢጫና ደማቅ ቀይ ቶሎ ይገረጣሉ፤ የአፈር መልክ ያላቸው፣ ቡናማ፣ የሸክላ ቀይ፣ ግራጫ፣ ይቆያሉ፣ ምክንያቱም ከብረት ኦክሳይድ ዓይነት ዱቄት የሚሠሩ ናቸው። ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ሙቀት ስለሚሰበስቡ ጣውላውን የበለጠ ይሰነጥቁታል።

ሁለተኛው ቀለም የገባበት ዘይት ነው። አይላጥም፤ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ። ሲሳሳ አጥቦ መደረብ ብቻ ነው፣ ፍቆ ማንሳት የለም፤ ለባሕር ዛፍ የምንመርጠው ይህን ነው። ለ1 ሊትር የተፈላ የተልባ ዘይት ሩብ ሊትር አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) እና ከ50 እስከ 100 ግራም ለሲሚንቶ ወለል የሚሸጠው ቀይ ወይም ቡናማ ኦክሳይድ ይበቃል። ዱቄቱን መጀመሪያ በጥቂት ዘይት እንደ ሊጥ አሽተው ከዚያ ቀሪውን ይጨምሩ፤ እየረጋ ስለሚያስቸግር በየአምስት ደቂቃው ያማስሉ። በቡሩሽ ከቀቡ በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተው ያልጠጣውን በጨርቅ አጥብቀው ይጥረጉ። ካልተጠረገ ተጣብቆ ይቀራል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ የእንግዳ ልብስ ያበላሻል። በማግስቱ ሁለተኛ እጅ።

በዘይቱ ጉዳይ ሦስት ማስጠንቀቂያ አለ። የተልባ ዘይት የተጠረገበት ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ ይቀጣጠላል፤ ይህ ወሬ አይደለም፣ ብዙ የእንጨት ቤት ያቃጠለ ነገር ነው። ጨርቁን ደጅ ላይ ዘርግተው እስኪደርቅ ይተዉት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ሁለተኛ፣ ቅመማ ቅመም ቤት የሚጨመቀው ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ለእንጨት የሚሸጠው «የተፈላ» የሚባለው ማድረቂያ የተጨመረበት ነው እንጂ ምድጃ ላይ በማፍላት አይገኝም፣ ምድጃ ላይ የሚገኘው እሳት ነው። ሦስተኛ፣ የኑግ ዘይት ከተልባ ዘግይቶ ይደርቃል፣ ክረምት ላይም ይሻግታል፤ የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ጨርሶ አይደርቅም። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ለአጥር እንጨት ምስጥ ይከላከላል ተብሎ ይቀባል፤ ሰው ለሚቀመጥበት ነገር አይሆንም።

ምን ያህል ይገዛ? 1.8 ሜትር ርዝመት ያለው መደገፊያ ያለው አግዳሚ፣ ሥሩንና ጀርባውን ጨምሮ 3.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሊትር ቀለም በለስላሳ ፊት 10 ካሬ ሜትር ያህል፣ በሻካራ ደግሞ ከ8 ያነሰ ይሸፍናል። እንግዲህ 1 ሊትር ለሁለት እጅ በቂ ነው፣ መነሻው ለብቻ ግማሽ ሊትር። ሥሩን አለመቀባት የተለመደ ስስት ነው፤ የላዩ ተዘግቶ የሥሩ ክፍት ከሆነ ጣውላው በአንድ በኩል ብቻ እርጥበት እየሳበ ይጎብጣል።

የሚቀባው ጥላ ውስጥ ነው፣ ጠዋት ጤዛው ከተነሳ በኋላ ወይም ከ10 ሰዓት ወዲያ። የጋለ ጣውላ ላይ የተቀባ ቀለም ላዩ ቶሎ ይቆረፍዳል፣ ውስጡ ያለው አኳራጅ መውጫ አጥቶ አረፋ ይሠራል። በእጅና በእጅ መካከል የዘይት ቀለም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋል፤ በመካከሉ በ220 ቁጥር ለስለስ አድርገው ይንኩት።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚፈልገው የጣውላው ጫፍ ነው። በመጋዝ የተቆረጠው ፊት ውኃን እንደ ገለባ ይስባል፣ ፀሐይም መሰንጠቅ የምትጀምረው ከዚያ ነው። ሌላው ቦታ ሁለት እጅ ሲቀባ ጫፉ ሦስት ወይም አራት ይቀባ፣ መጠጣት እስኪያቆም። እግሩን ጣሳ ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ዘይት አድርገው ሌሊቱን ያቁሙት። ከዚያ በባዶ አፈር ላይ አያስቀምጡት፤ ከእያንዳንዱ እግር ሥር አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ፣ ከአፈሩ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። ጎንደር ድንጋይ አያጣም፣ ምስጥም አያጣም።

በግንቦት አንድ ቀን ለምርመራ ይመድቡ። ውኃ ይርጩበት፤ ውኃው ዶቃ ሠርቶ ከቆመ ደህና ነው፣ በደቂቃ ውስጥ ሰርጎ ጣውላው ከጠቆረ አንድ እጅ ይጨመርበት። በተለይ መቀመጫው ላይና የእጅ ማሳረፊያው ላይ ነው ቀድሞ የሚሳሳው፤ ሁሉንም መቀባት ሳያስፈልግ እነዚያን ብቻ መደረብ ለክረምቱ ያደርሳል።

የጠፍር ወንበር ያለው ሰው ደጅ አያሳድረው። ጠፍሩ በዝናብ ይለጠጣል፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ተኮማትሮ ቀዳዳው ጋ ይበጠሳል። ከረጠበ በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ ከዚያ ጥቂት ሞራ ይታሽበት። ስለ ድንጋይ መደብ የምንለው የለም፣ ፀሐይ አትጎዳውም።

ብረት

ቱቦላሬ (ውስጠ ክፍት ብረት) እና ላሜራ (የብረት ሉህ) ላይ ፀሐይ ብረቱን አትነካውም፤ የምትሰብረው ቀለሙን ነው። ቀን ግሎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ 2 ሜትር ቱቦላሬ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ያጥራል። ያረጀ ቀለም ከዚህ ጋር መሳብ ሲያቅተው በብየዳው ጠርዝ ላይ ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ ይወጣል፣ ሰኔ ላይ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል።

አንድ ልማድ ግን መታረም አለበት። በያጆች አንቲረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም ቀብተው ያስረክባሉ፣ ባለቤቱም ቀዩን ቀለም እንዳለ ይተወዋል። አንቲረስት የመጨረሻ ቀለም አይደለም፤ ሥራው ከብረቱ ጋር መያያዝ ነው፣ ብርሃንና ውኃ የሚያስገባ ነው፣ ፀሐይ ላይ ብቻውን ከተተወ ይዱቄታል። ላዩ ላይ ሁለት እጅ ሲንተቲክ ይፈልጋል። የዱቄተው ላይ ዝም ብሎ መደረብም አይረባም፤ በ120 ቁጥር ፈግፍገው፣ በቲነር የራሰ ጨርቅ ጠርገው፣ አዲስ አንቲረስት አንድ እጅ ቀብተው ነው።

የዛገውን በሽቦ ቡሩሽ እስኪያብለጨልጭ ያንሱ፣ በዚያው ቀን አንቲረስት ይቀቡት። የቱቦላሬው ክፍት ጫፎች በላሜራ ይበየዱ ወይም በፕላስቲክ ክዳን ይደፈኑ፤ ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ግን 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። ውስጥ የሚጠራቀም ጤዛ መውጫ ካላገኘ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ ሲታይ ያመረ እግር አንድ ቀን ሰው ይዞ ይታጠፋል። መልኩ ብሩህ ይሁን፤ ክሬም ወይም ፈዛዛ ግራጫ የተቀባ ብረት 8 ሰዓት ላይ ይቀመጡበታል፣ ጥቁሩ እጅ አያስነካም።

ፕላስቲክ

ነጩና ባለ ቀለሙ ተደራራቢ የፕላስቲክ ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ያለ መከላከያ ከተሠራ ፀሐይ የምትሰብረው ፈጣኑ ነገር እሱ ነው። ላዩ ይደበዝዛል፣ እጅ ሲነካው ነጭ ዱቄት ይለቃል፣ ከዚያ ይሰባበራል። ጥቁር የውኃ ሮቶ ጣሪያ ላይ ለዓመታት የሚቆየው ውስጡ የካርቦን ጥቁር (ጨረር የሚያግድ ጥቁር ዱቄት) ስላለ ነው፤ በዚያው ምክንያት ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ወንበር ከፈዛዛው በተሻለ ይቆያል፣ ግን ይግላል፣ ስለዚህ ለጥላ ቦታ ይሁን።

ፕላስቲክን በቀለም ማዳን ከንቱ ነው፤ ቀለም ፖሊፕሮፒሊንን አይዝም፣ በሳምንታት ይላጣል። የሚረዳው ልማድ ነው። ለሠርግ፣ ለማኅበርና ለለቅሶ ካልተፈለገ ደራርበው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ደጅ የግድ ከሆነ የላይኛውን ወንበር አሮጌውን ያድርጉት፣ ፀሐዩን እሱ ይቀበል። ወንበር የሚያከራዩ ሰዎች ሁሌ ላይ የሚሆነውን ወንበር አንድ ያደርጉታል፣ ጥሩ ብልሃት ነው።

የቆየውን ከማስቀመጥዎ በፊት ይፈትኑት። ገልብጠው የኋላ እግሮቹን በሁለት እጅ ወደ ውጭ ይለጥጡ። ጤነኛ ፕላስቲክ ታጥፎ ይመለሳል፤ እግሩ ከመቀመጫው ጋር በሚገናኝበት ነጭ መስመር ከወጣ ወይም ከተንቀጫቀጨ አዛውንት አይቀመጡበት። ሲሰበር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፣ በአንዴ ነው። በጋለ ብረት በስቶ በሽቦ መስፋት ቀዳዳውን ራሱ የስንጥቅ መነሻ ያደርገዋል።

ሸራ፣ ትራስና ጃንጥላ

ሸራ አለባበስ ላይ የሚሠራው ስሕተት አጥብቆ መጠቅለል ነው። ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው እርጥበት ይተናል፣ ሌሊት በሸራው ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ በሁለት ሳምንት ሻጋታ ነው። ከሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተው፣ መሐሉ ላይ ጀሪካን ወይም ቅርጫት አድርገው ከፍ ያድርጉት፤ ውኃው ይፈሳል፣ ነፋስም ያልፋል። ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጨረሩን አያስቆምም፣ ሙቀቱን ግን ያምቃል። ሰማያዊው ስስ የፕላስቲክ ሸራ ደረቁን ወቅት ፀሐይ ላይ ከዋለ በክረምቱ መግቢያ ይበጣጠሳል፤ ዋናው ሥራው የሰኔ ስለሆነ እስከዚያ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።

የትራስ ልብስ ሲያሰፉ ጥጥ ለደጅ አይምረጡ፣ ፀሐይ ያገረጣዋል፣ እርጥበት ያበሰብሰዋል። ፖሊስተር ይሻላል፣ ለውጭ ተብሎ ክሩ ቀድሞ የተነከረ አክሪሊክ ከተገኘ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ጨርቁ ጥሩ ሆኖ ክሩ ተራ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚበጠሰው ስፌቱ ነው፤ ልብስ ሰፊውን ወፍራም የፖሊስተር ክር እንዲጠቀም ይንገሩት። ዚፑ ወደ ታች ይሁን። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ፀሐይ ከነካው ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል፣ ስለዚህ የተቀደደ ልብስ ሳይውል ሳያድር ይሰፋ።

ጃንጥላ ሰው በሌለ ሰዓት ተዘግቶ ይታሰር። የሚያረጀው ክፍት ሆኖ በዋለበት ሰዓት ልክ ነው፤ ካፌዎች ጠዋት ከፍተው እስኪመሽ የሚተዉት ለዚህ ነው በየዓመቱ የሚቀይሩት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ እግሩ ላይ ቢያንስ 25 ኪሎ ክብደት ከሌለው ጃንጥላው ራሱ ወንበሩን ይመታል። የቀለም ጣሳ በሲሚንቶና በጠጠር ሞልቶ መሐሉ ላይ ቱቦ መትከል ይበቃል፤ 15 ሊትር የሚይዝ ጣሳ ሲሞላ ከ30 ኪሎ ያልፋል።